ልማዶች ሲደጋገፉ፦ የሴቶች የአካልና የአእምሮ ጤና በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ

ከእንጦጦ ጀርባ በተዘረጋው የሱሉልታ ሜዳ ላይ ሲነጋጋ ሁለት ዓይነት ሴቶች መንገድ ላይ ይታያሉ። አንደኛዋ ለልምምድ የወጣች ሯጭ ናት። ሁለተኛዋ የወተት ዕቃ አንጠልጥላ የምትገሰግስ፣ ወይም የማገዶ ሸክም በጀርባዋ አዝላ ወደ ከተማ የምትወርድ እናት ናት። ሁለቱም ያልባቸዋል፤ ሁለቱም ይደክማሉ። ይሁን እንጂ ሯጯ ከልምምዱ በኋላ በልታና አርፋ አካሏን ትጠግናለች፤ እናቲቱ ግን ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ትሸጋገራለች። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የጉልበት ሳይሆን፣ ከጉልበቱ ጎን መኖር የሚገባቸው ምግብ፣ እንቅልፍ፣ ዕረፍትና አጋዥ ሰው የመኖራቸውና ያለመኖራቸው ጉዳይ ነው።

ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ ከአዲስ አበባ መውጫዎች ላይ የሚገኙ ከተሞች ሲሆኑ፣ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተካተዋል። በእነዚህ ከተሞች የእርሻ ኑሮና የከተማ ኑሮ ጎን ለጎን ይኖራሉ። በአንድ ሠፈር ውስጥ ላም የምታልብ፣ በፋብሪካ ወይም በአበባ እርሻ በፈረቃ የምትሠራ፣ ሱቅ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ የምትውል ሴት ማግኘት የተለመደ ነው። በመሆኑም ለሁሉም እኩል የሚሠራ አንድ የጤና ምክር የለም። ለሁሉም የሚሠራው መርህ ግን አንድ ነው፦ መልካም ልማዶች ለየብቻ ከሚሰጡት ጥቅም ይልቅ ተቀናጅተው የሚሰጡት ይበልጣል።

ጉዳዩ ለምን ያሳስባል?

እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንዳሳየው፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሴቶች መካከል 24 በመቶው የደም ማነስ ነበረባቸው። በዚሁ ጥናት 22 በመቶ የሚሆኑት ሴቶች ክብደታቸው ከሚገባው በታች ሲሆን፣ 8 በመቶዎቹ ደግሞ ከመጠን ያለፈ ክብደት ነበራቸው። አንድ አገር ውስጥ ጉድለቱም ትርፉም በአንድ ላይ መኖሩን ቁጥሮቹ ያስረዳሉ። ገጠርና ከተማ በተገናኙባቸው በእነዚህ ሦስት ከተሞችም ሁለቱ ችግሮች በአንድ ግቢ ውስጥ ሊገኙ ይችላሉ።

እ.ኤ.አ. በ2015 የተካሄደው ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎችን መንስኤዎች የሚመለከት አገር አቀፍ ጥናት ደግሞ ከአዋቂዎች 16 በመቶ ያህሉ የደም ግፊት እንዳለባቸው አመልክቷል። በጥናቱ የአንድ ሰው ዕለታዊ የጨው ፍጆታ በአማካይ 8.3 ግራም ሆኖ የተገኘ ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም በታች ነው።

የአእምሮ ጤናም ከዚህ አይነጠልም። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት መረጃ፣ የድብርት ሕመም በሴቶች ላይ ከወንዶች በ50 በመቶ ያህል ይበልጣል፤ ነፍሰ ጡር ከሆኑና በቅርቡ ከወለዱ ሴቶች መካከልም ከ10 በመቶ የሚበልጡት ያጋጥማቸዋል። የመሬት ይዞታ መለወጥ፣ የኑሮ ውድነት፣ የቤት ውስጥ ሥራ ጫናና ብቸኝነት ሲደራረቡ ሕመሙን ያባብሱታል።

አንድ ልማድ ብቻውን ለምን አይበቃም?

የልማዶችን መደጋገፍ በግልጽ ካሳዩ ጥናቶች መካከል በአሜሪካ ከ84 ሺህ በላይ ነርሶች ለ14 ዓመታት ተሳትፈውበት እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመው ይጠቀሳል። ጥናቱ አምስት ነገሮችን በአንድነት ተመልክቷል፦ አለማጨስ፣ የተመጣጠነ ክብደት፣ በቀን የግማሽ ሰዓት ያህል እንቅስቃሴ፣ ጤናማ አመጋገብና መጠጥን መመጠን። አምስቱንም ያሟሉት ሴቶች ከቀሩት ጋር ሲነጻጸሩ ለልብ የደም ሥር ሕመም የመጋለጥ ዕድላቸው በ83 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ይሁን እንጂ አምስቱን በአንድ ላይ ያሟሉት ከመቶ ሦስቱ ብቻ ነበሩ። ልማዶቹ እያንዳንዳቸው የታወቁ ቢሆኑም፣ ማቀናጀቱ ከባድ መሆኑን ይህ ያሳያል።

መደጋገፉን በቤት ውስጥ ገበታም ማየት ይቻላል። ጤፍ፣ ምስርና ጎመን ብረት አላቸው። ነገር ግን ከዕፅዋት የሚገኘው ብረት በቀላሉ ወደ ደም አይገባም። ሊጡ በደንብ ሲቦካ ብረትን አስሮ የሚይዘው ንጥረ ነገር ይቀንሳል። ከምግቡ ጋር ሎሚ፣ ቃሪያ ወይም ቲማቲም ሲቀርብ በውስጣቸው ያለው ቫይታሚን ሲ የብረቱን መመጠጥ ያግዛል። በአንጻሩ ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ተከትለው ሲጠጡ ይህንኑ ይከለክላሉ። ስለዚህ በደንብ የቦካ እንጀራ፣ ቃሪያ ያለው ወጥና ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል የዘገየ ቡና በአንድነት ሲሆኑ፣ ያለ ተጨማሪ ወጪ የደም ማነስን ለመከላከል ይረዳሉ። ቡናው አልቀረም፤ ሰዓቱ ብቻ ተለወጠ።

እንቅልፍ፣ እንቅስቃሴና ስሜትም እንዲሁ ይያያዛሉ። እንቅልፍ ያጣ ሰው በማግሥቱ ለመንቀሳቀስ ይከብደዋል፤ ብስጭቱም ይጨምራል። ያልተንቀሳቀሰ አካል ደግሞ ማታ ደህና እንቅልፍ አይወስደውም። ከሦስቱ አንዱ ሲስተካከል ሌሎቹን እየጎተተ ያመጣቸዋል።

ገበታው፦ ከአሥሩ ምድቦች አምስቱ

የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት የሴቶችን አመጋገብ ለመመዘን ምግብን በአሥር ምድቦች ይከፍላል። እነርሱም፦

1. እህል፣ ድንችና ሌሎች ሥራ ሥሮች
2. ጥራጥሬ
3. ለውዝና የቅባት እህሎች
4. ወተትና የወተት ውጤቶች
5. ሥጋ፣ ዶሮና ዓሣ
6. ዕንቁላል
7. ጥቁር አረንጓዴ ቅጠላ ቅጠል
8. በቫይታሚን ኤ የበለጸጉ እንደ ካሮትና ማንጎ ያሉ አትክልትና ፍራፍሬዎች
9. ሌሎች አትክልቶች
10. ሌሎች ፍራፍሬዎች

ናቸው። አንዲት ሴት በቀን ውስጥ ቢያንስ ከአምስቱ ከተመገበች፣ ለሰውነቷ የሚያስፈልጉትን ንጥረ ነገሮች የማግኘት ዕድሏ ከፍ ይላል።

አቆጣጠሩ በየቤቱ ሊሠራበት ይችላል። እንጀራ አንድ፣ ሽሮ ሁለት፣ ጎመን ሦስት፣ የቲማቲም ሰላጣ አራት፣ አንድ ብርጭቆ ወተት ወይም አንድ ዕንቁላል አምስት ይሆናል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ድንች ከእንጀራ ጋር በአንድ ምድብ የሚቆጠር መሆኑ ነው። ድንች በሚመረትባቸው ደጋማ አካባቢዎች እንጀራ በድንች ወጥ መብላት ሆድን ቢሞላም፣ በምድብ ሲቆጠር አንድ ብቻ ነው። ለማጣፈጫ ያህል ብቻ የገባ ጥቂት ሽንኩርትም አይቆጠርም።

በጾም ወራት ወተት፣ ሥጋና ዕንቁላል ከገበታ ይወጣሉ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን በዓመት ወደ 180 ቀናት ስለሚጾሙ፣ ይህ ጊዜ ቀላል አይደለም። ክፍተቱን በተልባ፣ በሱፍ፣ በሰሊጥ፣ በለውዝ፣ በዱባና በፍራፍሬ መሙላት ይቻላል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ከነፍስ አባቷና ከጤና ባለሙያ ጋር መመካከር ይኖርባታል። በእስልምናም ነፍሰ ጡርና የምታጠባ ሴት ለራሷ ወይም ለልጇ ከሰጋች የረመዳንን ጾም እንድታፈጥር ፈቃድ አላት።

አርሶ አደሮች ደግሞ ለገበያ ከሚያቀርቡት ላይ ለቤት ማስቀረት ይጠበቅባቸዋል። የሱሉልታ ወተት በብዛት ወደ አዲስ አበባ ይጫናል፤ ዕንቁላሉም ለጨውና ለዘይት መግዣ ይሸጣል። ሁሉም ተሽጦ ቤት ባዶ ከሚቀር፣ ከዕለቱ ምርት አስቀድሞ የቤት ድርሻ መለየት ይሻላል። በጓሮ ጥቂት ስፋት ላይ ጎመን፣ ቆስጣና ካሮት ማልማትም ይቻላል። ጎመን ከሥር ያሉት ቅጠሎቹ እየተቀነጠቡ ሲወሰዱ ለወራት ይመግባል። ቦታ የሌላቸው ደግሞ በአፈርና በበሰለ ፍግ በተሞላ ማዳበሪያ ከረጢት ሊተክሉ ይችላሉ። በሱሉልታ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ውርጭ ስለሚያሰጋ፣ ማታ ማታ ችግኙን በሣር ማልበስ ይጠቅማል። ከፋብሪካ የሚወጣ ፍሳሽ በሚቀላቀልበት ወንዝ ግን በጥሬው የሚበላ ቅጠላ ቅጠልን ማጠጣት አይገባም።

ጨውን በተመለከተ፣ 5 ግራም አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ሲሆን፣ ይህ የቀኑ ጠቅላላ መጠን ነው። በበርበሬ፣ በሚጥሚጣና በዳቦ ውስጥ የገባው ጨው ሁሉ በዚሁ ውስጥ ይቆጠራል። ጨው ሲገዛ አዮዲን ያለው መሆኑን ማረጋገጥ፣ በታሸገ ዕቃ ማስቀመጥና ወጡ ሊወርድ ሲል መጨመር አዮዲኑ እንዳይባክን ያደርጋል።

ከሁሉም በላይ ግን የአበላሉ ቅደም ተከተል ሊታሰብበት ይገባል። በብዙ ቤት ወጡን የሠራችው እናት የምትበላው በመጨረሻ ነው፤ የሚተርፋትም መረቁ ነው። ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ ከሆነች ጉዳቱ ወደ ልጇ ይተላለፋል። በአንድ ገበታ በአንድ ጊዜ መብላት ገንዘብ የማይጠይቅ የጤና ልማድ ነው።

እንቅስቃሴ፦ ለአንዷ መጨመር፣ ለሌላዋ ማቅለል

የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ፣ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ደግሞ ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ እንዲሠሩ ይመክራል። በሳምንት አምስት ቀን ለ30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ዝቅተኛውን መጠን ያሟላል። ሱቅ ለምትጠብቅ፣ በቢሮ ለምትሠራ ወይም በልብስ ስፌት ለምትተዳደር ሴት ይህ ቁጥር የሚያበረታታ ነው። ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድማ ብትወርድ፣ ወደ ገበያ በእግሯ ብትሄድ፣ በየሰዓቱ ተነስታ ጥቂት ብትንቀሳቀስ መጠኑ ይሞላላታል።

ድርጅቱ የእርሻና የቤት ውስጥ ሥራንም እንቅስቃሴ ብሎ ይቆጥራል። በመሆኑም ውኃ የምትቀዳ፣ የምታርምና እንጨት የምትሸከም ሴት ከተመከረው መጠን በላይ ሳትሠራ አትቀርም። እርሷን «ስፖርት ሥሪ» ብሎ መምከር ድካሟን አለማየት ነው። ለእርሷ የሚያስፈልጋት ሸክሙን ማቅለል ነው፦ አንድ ከባድ ሸክም በሁለት ጊዜ ማድረግ፣ ከመሬት ሲያነሱ ወገብን ሳይሆን ጉልበትን ማጠፍ፣ ጋሪ ወይም አህያ መጠቀም፣ በሥራ መሐል አረፍ ብሎ ጀርባን ማፍታታት። በተለይ ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታት ከባድ ሸክም መሸከም ለማሕፀን መውረድ ከሚያጋልጡ ምክንያቶች አንዱ ነው። ይህ ሕመም በእፍረት የሚደበቅ ቢሆንም ሕክምና አለው።

ሴት ልጅ ከወለደች በኋላ ጉልበቷ ያበቃል የሚለው አስተሳሰብ ስህተት መሆኑን የአገሪቱ አትሌቶች አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና በ10 ሺህ ሜትር ያሸነፈችው ደራርቱ ቱሉ፣ ልጅ ከወለደች በኋላ እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ በዚሁ ርቀት ዳግም ወርቅ አግኝታለች። በአዲስ አበባ በየዓመቱ የሚካሄደው «ቅድሚያ ለሴቶች» የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫም ለውድድር ብቻ ሳይሆን ለመራመድና ለመደሰት የሚወጡ ሴቶችን ያሰባስባል። ሱሉልታን የመሰለ ከፍታ ላይ የሚኖር ጀማሪ ግን ቀስ ብሎ መጀመር አለበት፤ እየተራመዱ ማውራት እስከተቻለ ድረስ ፍጥነቱ ልክ ነው።

እንቅልፍ፣ ዕረፍትና ጭስ

አዋቂ ሰው በሌሊት ቢያንስ 7 ሰዓት እንዲተኛ ይመከራል። ማታ 4 ሰዓት ተኝታ ከሌሊቱ 10 ሰዓት የምትነሳ እናት የምታገኘው 6 ሰዓት ነው፤ ሕፃን ካላት ከዚያም ያነሰ ነው። ሊጥ ማቡካቱን፣ ውኃ መቅዳቱን ወይም የጠዋት እለባውን ከቤተሰቡ አንዱ ቢወስድላት የጎደላት ሰዓት ይመለስላታል። የሌሊት ፈረቃ የሚሠሩ ሴቶች ደግሞ ቀን በጨለመ ክፍል መተኛትና የመኝታ ሰዓታቸውን አንድ ዓይነት ማድረግ ይረዳቸዋል። የቡና ኃይል ለሰዓታት በሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ፣ እንቅልፍ የሚያስቸግራት ሴት ከቀትር በኋላ ባትጠጣ መልካም ነው። ጫትም እንቅልፍን ያባርራል፤ አረቄና ጠላም ቶሎ ቢያስተኙም እንቅልፉን ያቆራርጡታል። በእርግዝና ጊዜ መጠጥ ፈጽሞ አይመከርም።

በኢትዮጵያ የሚያጨሱ ሴቶች ቁጥር አነስተኛ ቢሆንም፣ በማዕድ ቤት ጭስ የሚታፈኑት ብዙዎች ናቸው። የእንጨትና የኩበት ጭስ ሳንባን፣ ልብንና ዓይንን ይጎዳል። ማገዶ ቆጣቢ የእንጀራ ምድጃ፣ ለከሰል «ላቀች» የተባለው ምድጃ፣ የጭስ መውጫና የተከፈተ መስኮት ጉዳቱን ይቀንሳሉ። እንጨት ሲቆጥብ ደግሞ ሸክሙም ይቀንሳል። አንድ የምድጃ ለውጥ ሳንባንም ጀርባንም ጊዜንም በአንድ ላይ ያተርፋል። በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል አንድዶ መተኛት ግን ለሞት ስለሚዳርግ ፈጽሞ ሊደረግ አይገባም።

ቡና፣ ዕድርና የቅርብ ሰው

ሰው ያለ ሰው አይድንም። የጎረቤት ቡና፣ ዕድር፣ ዕቁብና ማኅበር ገንዘብ ወይም ጠበል ጸዲቅ ብቻ ሳይሆኑ የልብ መተንፈሻም ናቸው። ከእርሻ መሬት ወደ አዲስ ሠፈር የተዛወሩ ወይም ለሥራ ከሩቅ የመጡ ሴቶች መጀመሪያ የሚያጡት ይህንኑ ነው።

በዚምባብዌ እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረው «የወዳጅነት አግዳሚ ወንበር» የተሰኘ አገልግሎት ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ሥልጠና የወሰዱ አያቶች በጤና ጣቢያ ግቢ ባለ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተጨነቁ ሰዎችን ያዳምጣሉ፤ ችግሩንም ደረጃ በደረጃ አብረው ይፈታሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት፣ አገልግሎቱን ካገኙት መካከል ከስድስት ወር በኋላ የድብርት ምልክት የነበረባቸው 14 በመቶ ያህል ሲሆኑ፣ የተለመደውን ክትትል ብቻ ካገኙት ግን 50 በመቶ ያህል ነበሩ። በየሠፈሩ ቡና ላይ የሚቀመጡ እናቶችም የመስማት ጸጋው አላቸው። የሚቀረው ሐሜትን ትቶ ምሥጢር መጠበቅ፣ ከአቅም በላይ የሆነውን ደግሞ ወደ ሕክምና መምራት ነው።

ልማድ የማይፈታው ሲገጥም

መልካም ልማድ ይደግፋል እንጂ ሕክምናን አይተካም። ሐዘን፣ ለነገሮች ፍላጎት ማጣት፣ የእንቅልፍና የምግብ ፍላጎት መዛባት፣ ራስን ከንቱ አድርጎ መቁጠር ከሁለት ሳምንት በላይ በየዕለቱ ከቀጠሉ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ግን ቀን መጠበቅ አይገባም፤ ሰውየዋን ብቻዋን ሳይተዉ ወዲያውኑ ወደ ቅርብ ጤና ተቋም መውሰድ ይገባል። ጸሎትና ጠበል የሚፈልጉ ቤተሰቦች ሕክምናውን ጎን ለጎን ማስኬድ ይችላሉ፤ የታዘዘ መድኃኒት ግን ያለ ሐኪም ምክር አይቋረጥም። ከቤት ውስጥ ጥቃት የሚመነጭ ጭንቀትም በእግር ጉዞና በእንቅልፍ አይፈታም፤ የጤናና የሕግ ድጋፍ ይፈልጋል።

ከልማዶቹ ጎን የሚሄዱ ምርመራዎችም አሉ። የደም ግፊት ምልክት ሳያሳይ ስለሚቆይ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ መለካት ይገባል። ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 ዓመት የሆኑ ሴቶች የማሕፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ እንዲያደርጉ ይመከራል። ነፍሰ ጡሮች የሚሰጣቸውን የብረትና የፎሊክ አሲድ ክኒን ሳያቋርጡ መውሰድ አለባቸው። ለዚህ ሁሉ የመጀመሪያዋ በር በቀበሌው የምትሠራው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት።

ከየት ይጀመራል?

ሁሉንም በአንድ ሰኞ መጀመር ብዙውን ጊዜ በዚያው ሳምንት ያበቃል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት አንድ አዲስ ተግባር ልማድ እስኪሆን መካከለኛው ጊዜ 66 ቀን እንደሆነ፣ ከሰው ሰውም ከ18 እስከ 254 ቀን እንደሚለያይ አሳይቷል። አንድ ቀን መዝለልም ልማዱን አያፈርስም።

የሚሻለው አዲሱን ልማድ ቀድሞ ካለ ልማድ ጋር ማሰር ነው፦

- ቡና ከምሳ በኋላ አንድ ሰዓት ይዘግይ፤ በመሐሉ ያለው ጊዜ የዕረፍት ወይም የእግር ጉዞ ይሁን።
- ወጥ ሲሠራ ከጓሮ አንድ እፍኝ ጎመን ወይም ቆስጣ ይጨመር።
- ወደ ዕድር ወይም ወደ ገበያ ሲኬድ ከጎረቤት ጋር በእግር ይኬድ፤ ጉዞው እንቅስቃሴም ጨዋታም ይሆናል።
- ወተቱ ከመሸጡ በፊት የቤቱ ድርሻ ይለይ።
- ማታ ባልና ልጆች አንድ አንድ ሥራ ይውሰዱ፤ እናት ከወትሮው ግማሽ ሰዓት ቀድማ ትተኛ።

ከተዘረዘሩት መካከል ሴቲቱ ብቻዋን የምትፈጽማቸው ጥቂቶቹ ናቸው። የቤቱ ድርሻ የሚለየው ባልና ሚስት ሲስማሙ ነው፤ የሌሊቱ እንቅልፍ የሚገኘው ውኃውን ሌላ ሰው ሲቀዳ ነው። በመሆኑም የሴቶችን ጤና የሚያሻሽሉ ልማዶች የቤተሰቡ ልማዶች ሊሆኑ ይገባል። እናት በሰዓቷ በልታ በሰዓቷ ስትተኛ ጥቅሙ ከእርሷ አልፎ ለልጆቿ፣ ለላሟና ለማሳዋም ይተርፋል።